የወንፈል ተራ

«ዶላሩን ታቅፋ ተኝታ አባዬ ሽንት ዘግቶት ይሞታል!»

አዶኒያስ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ቺፕውድ ግን ምስጢር የመጠበቅ ልማድ የለውም፤ በወዲያኛው ክፍል ያስነጠሰውን ሰው በወዲህኛው ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ቤርሳቤ ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነበር፤ እጇ ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ። የወንድሟ ሚስት ኮከብ «ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» ስትለው፣ «ትስማ! ደግሞ ምን ልትሆን? ዛሬ አስር ሰዓት ጋሽ ሀሩንና እማማ ወለተጊዮርጊስ ይመጣሉ። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብላ የለኝም ትበል እስቲ!» አለ። ከዚያ የአባታቸው ድምፅ መጣ፤ ደከም ያለ፣ ግን አሁንም የአስተማሪ ድምፅ። «ተዋት። በጠዋቱ አትነዝንዛት» አሉ መምህር ወንዳፍራሽ። ቤርሳቤ አባቷ አምነዋት እንደሚከላከሉላት ገመተች፤ ከወንድሟ ስድብ ይልቅ ያ ከበዳት።

መምህር ወንዳፍራሽ ለሠላሳ አንድ ዓመት ጋምቤላ ውስጥ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጎጃም ሲመጡ ለሁለት ዓመት ብለው ነበር፤ ሚስት አገቡ፣ ወለዱ፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። ከጥር ጀምሮ የፕሮስቴት እጢ ሽንታቸውን ዘግቶ ቱቦ ተተክሎላቸው ይኖራሉ። ባለፈው ሰኞ ያያቸው ሐኪም ኩላሊታቸው መጎዳት መጀመሩን፣ ቀዶ ጥገናው ከሁለት ሳምንት ማለፍ እንደሌለበት፣ ይህም ጅማ ካልሆነ እንደማይሆን ነገራቸው። በመንግሥት ቢሉ ወረፋው ከእሳቸው ዕድሜ ይረዝማል፤ በግል ቢሉ ከመሳፈሪያና ከመኝታ ጋር መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ነው። አዶኒያስ የሚነዳው ባጃጅ የሰው ነው፤ ማታ ማታ ገቢውን አስገብቶ የተረፈችውን ይዞ ይገባል። የጎጃም ዘመዶች ያዋጡት ለምርመራ አለቀ። የቀረ ተስፋ ቢኖር የቤርሳቤ ዶላር ብቻ ነበር፤ ክፋቱ ዶላሩ አለመኖሩ ነው።

ያልነበረ ዶላር እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ለፈለገ፣ አዋላጇ ራሷ ቤርሳቤ ናት። ሦስት ዓመት ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ፣ በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት ምግብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠርታለች። የሕፃናቱን ክብደትና የክንድ ልክ ኮምፒውተር ላይ የምትመዘግብበት ሶፍትዌር የማንም ንብረት አልነበረም። አሠራሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ኮድ መጻፍ የሚችል ይጽፍለታል፣ የማይችል ቋንቋ ይተረጉምለታል፣ ስህተት ያገኘ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ብሎ ያሳውቃል፣ የገባው ላልገባው ያስረዳል። ማንም ደመወዝ የለውም። ቤርሳቤ በመጀመሪያ ስህተት ማሳወቅ ጀመረች፤ ቀጥላ አማርኛውን ተረጎመች፤ ቆይታ ደግሞ ከየአገሩ ክሊኒክ ለሚጠይቁ ነርሶች መልስ መስጠት ያዘች። አምና ሰኔ ላይ የእርዳታው ገንዘብ ተቋርጦ ድርጅቱ ሲዘጋ የስድስት ወር ደመወዟንና አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጥተው አሰናበቷት።

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። ቤቷ ገብታ «ሥራዬ ተዘጋ» ማለት ነበረባት፤ አላለችም። አባቷ በእድሩም በቤተ ክርስቲያኑም «ልጄ ለውጭ ድርጅት ትሠራለች» ሲሉ የሚያበራው ፊታቸው ታያትና ተወችው። የተሰጣትን ብር ስድስት ቦታ ቆርሳ በየወሩ መጨረሻ እንደ ደመወዝ ታስገባ ጀመር፤ ጠዋት ላፕቶፗን አንግታ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ደግሞም እውነቷን ነው፣ ትሠራ ነበር። ሥራ ፈት ተብላ ከምትቀመጥ ሰው በሚፈልጋት ቦታ መዋል ይሻላል ብላ ቀኑን ሙሉ ለዚያ ፕሮጀክት ትለፋለች። ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻዋ ቁራሽ አለቀች። ቤተሰቡ ግን ሥራው አለቀ አላለም፤ ቤርሳቤ መደበቅ ጀመረች አለ። በዚህ ላይ ባለፈው ወር አንድ ተሳፋሪ ለአዶኒያስ ስልኩን አሳየውና «ይቺ እህትህ አይደለችም እንዴ?» አለው። ፎቶዋ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ ከበላዩ እንግሊዝኛ። ፕሮጀክቱ በየወሩ አንድ በጎ ፈቃደኛ መርጦ የሚያመሰግንበት ገጽ ነበር። ለአዶኒያስ ግን ፈረንጅ በነጻ ፎቶ አይለጥፍም።

ጫማዋን አስራ ጨርሳ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተከመሩ የድሮ የሒሳብ መጻሕፍት ናቸው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይግላል። የሽንት ከረጢቱን አንስታ ደፍታ፣ ታጥባ ተመለሰች። ትናንት ቀላ ያለው ዛሬ ይበልጥ ቀልቷል። እሷም አይታዋለች፣ እሳቸውም አይተውታል። «ዘንድሮ ማንጎ ረክሷል አሉ» አሉ አባቷ ወደ ግድግዳው እያዩ። «አዎ፣ አምስት በሃያ ነው» አለች። «ዝናቡ ዘገየ።» «ዘገየ አባዬ።» ሌላ የሚባል ነገር ነበረ፤ ሁለቱም ዙሪያውን እንደ ጉድጓድ ዞረውት አለፉ። በር ላይ ስትደርስ «በይ እንዳይረፍድብሽ» አሏት፤ ሥራ እንደሚሄድ ሰው።

ከሰፈራቸው እስከ መሃል ከተማ በባጃጅ ሃያ ብር ነው፤ በእግር ሠላሳ አምስት ደቂቃና አንድ ሸሚዝ ላብ። ቤርሳቤ በእግሯ ሄደች። በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሳይከፈላት እንደምትሠራ የሚመሰክርላት እስከ አስር ሰዓት ድረስ ማግኘት። ብር ላታመጣ፣ ቢያንስ ሌባ እንዳልሆነች ታሳይ። አባቷ ከሞቱ እንኳን ልጄ ጨከነችብኝ ብለው እንዳይሞቱ። ይህን ስታስብ መንገዱ መሃል ላይ እንባዋ መጣ፤ የመጋቢት ፀሐይ ላቧንና እንባዋን አንድ ላይ ስላደረቀችላት ማንም አላወቀባትም።

ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ሆቴል በረንዳ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ አርባ ብር ነው፤ ዋይፋዩ ግን በነጻ። አስተናጋጇ ታውቃታለች፤ አንድ ውሃ ይዛ ስድስት ሰዓት የምትቀመጥ ደንበኛ አትረሳም። ላፕቶፑ ባትሪው ስለሞተ ሶኬት አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዘችና ለማይክል ጻፈችለት። ማይክል ኪሱሙ የሚኖር ኬንያዊ ነው፤ ቀን ቀን የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ፕሮጀክቱን ያስተባብራል። ፊቱን አይታው አታውቅም። ደመወዝ እንደማይከፈላት የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ለመነችው። መልእክቱን ልትልክ ካለች በኋላ ቆም ብላ አንድ መስመር ጨመረች፦ «አባቴ ታሟል። ፕሮጀክቱ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን ነገር ካለው ንገረኝ።» አጠፋችው። መልሳ ጻፈችው። ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

መልስ እስኪመጣ ድረስ ልማድ ነውና የጥያቄዎቹን ሰሌዳ ከፈተች። ከአንድ ሩቅ አገር ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ መንታ ሕፃናት በአንድ ካርድ ላይ እየተደራረቡባት ተቸግራ ጽፋለች፤ የአንዱን ክብደት ስትጽፍ የሌላው ይጠፋል። ቤርሳቤ ይህን ችግር ታውቀዋለች፤ ትየርኪዲም ነበረ። ለእያንዳንዱ ሕፃን የየራሱን ካርድ ከፍታ በእናቲቱ በኩል እንዴት እንደምታያይዛቸው ደረጃ በደረጃ፣ በፎቶ ጭምር አስረዳቻት። ነርሷ «ተሳካልኝ! እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብላ መለሰች። በዚያን ቀን ቤርሳቤን ደስ ያሰኛት ሰው ይህች የማታውቃት ነርስ ብቻ ነበረች፤ ደስታውም ከአንድ ጉንጭ ውሃ አላለፈም።

አምስት ሰዓት ላይ የማይክል መልስ መጣ። ደብዳቤው ተያይዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ስለ አባትሽ በጣም አዝኛለሁ። ፕሮጀክቱ የባንክ ሒሳብ እንኳ የለውም። የሰርቨሩን ኪራይ የምንከፍለው ሦስት ሰዎች ነን፤ የዚህ ወር ራሱ አልተከፈለም። የሁላችንም ጸሎት ካንቺ ጋር ነው።» መጨረሻው ላይ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምስል አለ። ቤርሳቤ ልትናደድበት ፈልጋ አቃታት። እሱም እንደሷው ነው፤ ድሃ ለድሃ ምን ይሰጠዋል? ሳታውቀው ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚያች አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥላ ኖሯል፤ አሁን እግሯ መሬት ነካ። ላፕቶፑን ከሶኬቱ ነቅላ ተነሳች።

ደብዳቤውን የመንግሥት ቢሮዎች ፊት ለፊት ካለው የአብኔር ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተመችው። አብኔር የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ ከማተሚያው እንደወጣ ሳያነብ አላለፈውም። «ቤርሳቤ ወንዳፍራሽ በዚህ ፕሮጀክት ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በበጎ ፈቃድ አገልግላለች። ምንም ዓይነት ክፍያ ተከፍሏት አያውቅም። እኔም ተከፍሎኝ አያውቅም።» አነበበና ከንፈሩን መጠጠ። «ማህተሙስ?»

«ምን ማህተም? ቢሮ የላቸውም እኮ። በየቤታቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ወረቀት አሳተምሽ እንጂ ደብዳቤ አላሳተምሽም» አለ አብኔር፤ መቀለዱ አልነበረም። እዚህ አገር ክብ ማህተም የሌለበት ጽሑፍ የልጆች ደብተር ነው፤ ይህን ለሠላሳ ዓመት ባለማህተም ማስታወቂያ ስታነብ ላደገች ከተማ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ከገበያው ጀርባ ማህተም የሚቀርጽ ልጅ አለ፤ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፤ ንስር ቢሉት ንስር፣ ዓለም ቢሉት ዓለም ያስገባበታል። ቤርሳቤ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። እውነቱን ለመናገር ፈተናት። እውነትን እውነት ለማስመሰል በሐሰት ማህተም መምታት፤ ምን አለበት? ማንን ይጎዳል? ኋላ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ የገባችበት አዘቅት በእንዲህ ያለች ትንሽ ማስመሰል የተጀመረ መሆኑ ትዝ አላት። አስር ብሩን ከፍላ ወጣች። ወረቀት ካልመሰከረ ሰው ይመስክር ብላ ወደ ኒውላንድ ሰፈር አቀናች፤ ወደ ኛሙት።

ኛሙት ኑዌር ናት፤ የጋምቤላ ልጅ። ትየርኪዲ ክሊኒክ አብረው ሲሠሩ ሕፃናቱን የምትመዝነው እሷ ነበረች። ሶፍትዌሩን ወደ ኑዌርኛ የመለሰችውም እሷ ናት፤ ቤርሳቤ አስተማረቻት፣ እሷ ደግሞ በስልኳ እየጻፈች ጨረሰችው። አሁን ከቤቷ በር ላይ የደረቀ ዓሣና ሳሙና አስቀምጣ ትሸጣለች። ቤርሳቤ ነገሩን ስትነግራት ኛሙት ሳታቋርጣት ሰማች፤ ረጅም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዝንቡን ከዓሣው ላይ እያባረረች።

«የኔ ባል ደግሞ ይላል፣ ያ ስልክ ምን ይሰጥሻል?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ምንም አልኩት። እሱ ሣቀ። ያንቺ ወንድም ግን አልሣቀም። ያ መጥፎ ነው።»

«ትመጪልኛለሽ?»

«እመጣለሁ። ግን ያንቺ ሽማግሌዎች ደገኞች ናቸው። እኔን ያምናሉ?»

ቤርሳቤ አላወቀችም፤ አላውቅም ማለትም አሳፈራት። ኛሙት መልሱን ከፊቷ ላይ አነበበች መሰል፣ ሳቅ አለችና ዓሣውን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። የባጃጁን ሂሳብም ቤርሳቤን አላስከፈለቻትም፤ «ሥራ የለሽም፣ ተይ» አለቻት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን ቃል በይፋ የነገራት ሰው አልነበረም። ቤርሳቤ ለራሷ እስኪገርማት ድረስ ቀለላት።

አስር ሰዓት ሲሆን ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። እማማ ወለተጊዮርጊስ የቤርሳቤ የክርስትና እናት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ላይ። ጋሽ ሀሩን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ የሰፈሩ፣ እስከዛሬም በቆሎ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ የመምህር ወንዳፍራሽ የአርባ ዓመት ወዳጅ፣ ለእርቅ ሲጠሩ ሥራ ይዤ ብለው የማያውቁ። ኮከብ ለስላሳ ከፍታ አቀረበች፤ ሙቀቱ አረፋውን ቶሎ ገደለው። መምህር ወንዳፍራሽ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቱቦውን በጋቢ ሸፍነው ወንበር ላይ ናቸው። ኛሙት ስትገባ ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት፤ ጋሽ ሀሩን ግን ብድግ ብለው «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉና ከጎናቸው ቦታ ሰጧት።

አዶኒያስ ቆሞ ተናገረ። ፎቶውን፣ ጠዋት ጠዋት መውጣቷን፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ሳንቲም አለማስገባቷን። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሲናገር ድምፁ ይሰበራል። «አባዬን ታያላችሁ። እኔ የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። የምሸጠው ነገር ቢኖረኝ እህቴን ሽማግሌ ፊት አላቆማትም ነበር» ብሎ ተቀመጠ። ቤርሳቤ ደብዳቤውን አቀረበች። እማማ ወለተጊዮርጊስ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ግን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «ማህተም አለው?» አሉ። የለውም ስትላቸው አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የማይክል ነገር በዚህ አበቃ።

ቤርሳቤ ያኔ ሁሉንም ዘረገፈችው። ድርጅቱ ሰኔ ላይ መዘጋቱን፣ ስድስት ወር ያስገባችው ደመወዝ ሳይሆን የስንብት ብር እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በኪሷ ያለው የዕቁብ ጓደኞቿ ያበደሯት እንደሆነ። «የምሠራው እውነት ነው። የሚከፈለኝ ግን የለም። ለማንም አይከፈልም። ያፈርኩት ሥራ አጣሁ ማለቱን ነው እንጂ ሌላ የደበቅኩት የለኝም። ከፈለጋችሁ በመድኃኔዓለም ልማል።» አዶኒያስ በንቀት ተነፈሰ። «ሰው እንዴት ሁለት ዓመት ሙሉ ላላየው ሰው በነጻ ይሠራል?» አለ። ይህንን ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከእሱ ጋር እንደሆነ ቤርሳቤ ታወቃት።

ኛሙት ማንም ሳይጋብዛት ተናገረች። «እኔም በነጻ ነው የምሠራው። እሷ አልዋሸችም። የኛ እናቶች ቀን አያውቁም። ልጅሽ መቼ ተወለደ ስትያት፣ ጎርፉ ጊዜ ትላለች። ወይም ከብት የተዘረፈ ጊዜ። ኮምፒውተሩ ድሮ እምቢ ይላል፤ ቀን አምጪ ይላል። እኛ ዝም ብለን አንድ ቀን እንጽፋለን፤ ከዚያ ልጁ ትልቅ ነው ተብሎ ከምግቡ ይወጣል። ልጅ ከሳ። አንዱ ሞተ። እኔ ነኝ የመዘንኩት። ቤርሳቤ ለነዚያ ሰዎች ጻፈች፤ ሦስት ወር ጻፈች። አሁን ጎርፉ ጊዜ ብለሽ ብትጽፊ ኮምፒውተሩ እሺ ይላል። እዚህ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገርም። ማንም ብር አልሰጣትም። እኔ አውቃለሁ፤ ቢሰጧት ለኔም ትሰጠኝ ነበር።»

ጋሽ ሀሩን ሪዛቸውን እየደባበሱ ቤርሳቤን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ። «ወንፈል ነዋ!» አሉ። «ይኼማ ወንፈል ነው። አዶኒያስ፣ አንተ የከተማ ልጅ ስለሆንክ አታውቀውም። እኔ አቦቦ ስሰፍር በሬ አልነበረኝም። ዛሬ የእገሌ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የእገሌ። ማን ይከፍልሃል? ማንም። አገር ሁሉ እንዲህ ነው የኖረው። ወላሂ ጠርጥሬሽ ነበር፣ አውፍ በይኝ።» እማማ ወለተጊዮርጊስም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤርሳቤ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ አወጣች። ታመነች። በዚህ ቤት ውስጥ፣ በሰው ምስክር፣ በአደባባይ ታመነች። ኛሙትን አየቻት፤ ኛሙት ፈገግ አለች።

ጋሽ ሀሩን ግን አልጨረሱም ነበር። አርሶ አደር ናቸው፤ ነገርን እስከ አዝመራው ድረስ ይከተሉታል። «እንግዲህ ልጄ» አሉ ከልባቸው ደስ እያላቸው፣ «ወንፈል ተራ አለው። ሰው ማሳ ሄደሽ ስታርሚ ትከርሚያለሽ፤ ያንቺ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያን ሁሉ አገር አርመሽለታል። አሁን ያንቺ ቤት አረም በላው። ተራሽ ደርሷል ማለት ነው። ንገሪያቸውና ይምጡ እንጂ!»

አዶኒያስ ቀና አለ። ኮከብ ብርጭቆ መሰብሰቧን አቆመች። መምህር ወንዳፍራሽ እንኳ ከጋቢያቸው ውስጥ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቤርሳቤ ሁሉም እንደሚያዩዋት ታውቃለች፤ መልሱን ለማሳመር ፈለገች፣ የሚያምር አላገኘችለትም።

«ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው» አለች። «የላቸውም ጋሽ ሀሩን። እነሱም እንደኔው ናቸው። እንጸልይልሻለን አሉኝ።»

ሽማግሌ የተጠራበት ነገር ሳይቋጭ አይነሳም፤ ስለዚህ ቋጩት። ጋሽ ሀሩን ጥፋት የለባትም አሉ። መደበቋ ሥራ ማጣቷን ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ለዚያም አባቷን ይቅርታ ትጠይቅ፤ አዶኒያስም ስም አጥፍቷልና እህቱን ይቅርታ ይጠይቅ። ቤርሳቤ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አዶኒያስ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፤ «ምን ላድርግ፣ ጨንቆኝ ነው» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው። እማማ ወለተጊዮርጊስ መረቁ፦ ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ፍቅራችሁን ያጽና፣ ለታመመው ምሕረቱን ያውርድ። ጋሽ ሀሩን በራሳቸው ደንብ ዱዓ አደረጉ። ሁሉም አሜን አሉ፤ ኛሙትም አሜን አለች። መምህር ወንዳፍራሽ ብቻ አፋቸው አልተከፈተም። የቤርሳቤ ጭንቅላት ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አርፏል፤ እጃቸውን ጠጉሯ ላይ አድርገው ረስተውታል።

«አባዬ» አለች ቀና ብላ፣ «አላመንከኝም እንዴ?»

«አመንኩሽ» አሉ። ድምፃቸው እንደወትሮው ጥርት ብሎ አልወጣም። «አሁን አመንኩሽ።» ከዚያ ሽማግሌዎቹ እያዩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ፊት ቆመው ያላለቀሱት ሰው ዓይናቸው ሞላ። «እኔ እኮ ለእኔ ያስቀመጥሽው መስሎኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ታወጣዋለች፣ እስከዚያ አታስጨንቋት እያልኩ ስከራከርላቸው ነው የከረምኩት። ሌሊት ሌሊት ሲያመኝ፣ ልጄ ዘንድ አለ እያልኩ ነበር የምተኛው።»

እጃቸውን ከጠጉሯ ላይ አንስተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምነው» አሉ፣ «ምነው ብሩን ደብቀሽብን በሆነ፣ ልጄ።»